ሳጥኑ ውስጥ የቀረው አሞርዛተር

ባለፈው ክረምት የጡረታ ወረቀቴን ላስጨርስ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ጋራዥ የወንበር መቃብር አድርገውታል። እግሩ የተሰበረ፣ መደገፊያው የወለቀ፣ ስፖንጁ የፈነዳ ወንበር እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ብረት የማስርበትን ሞርሳዬን ከጠረጴዛው ነቅለው፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፈውበታል። ቆሜ ሳይ መታወቂያ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ መጣ።

«ምን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ጋራዡን ነው የማየው። ሞተሮቹን አሁን ማን ይጠግናቸዋል?»

«አሁንማ ጥገና የሚባል ቀርቷል» አለኝ በትሕትና። «የተበላሸ ዕቃ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።»

ይቀየራል! ሰውየው ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው የነገረኝ። እኔን ግን ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አንገበገበኝ። «ይቀየራል» የሚሉት ዕቃ እንዴት ሳይቀየር እንደሚከርም፣ ሳይቀየር ሲከርም የሚወድቀው ማን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ ሰው እግር ሄዶበታል። የኔም እጅ አለበት። ቤቴ ከገባሁም በኋላ ንዴቱ አልለቅ ቢለኝ ነው ይህን መጻፍ የጀመርሁት።

ማንጠግቦሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ ስማር በክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። የመጀመሪያ ምደባዬ ሳንጃ ሆነ፤ የእርሻ ትራክተሮች የሚጠገኑበት ጣቢያ። አለቃችን የምደባ ደብዳቤዬን አነበበ፣ ቀና ብሎ እጄን አየ፣ «ሴት ልጅ ግራሶ ስትነካ አያምርም» አለና የመዝገብ ጠረጴዛ ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ሻይ ማፍላት ተጨመረበት። በዚያ ሙቀት ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ አፈላሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሰሊጥ ሊሰበሰብ ሲል፣ ሁለቱም መካኒኮች በወባ ወደቁ። ትራክተሩ ማሳ ዳር ቆመ። ከኔ በቀር ብረት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የናፍጣውን ፓምፕ ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ገጠምሁት፣ አየሩን አስወጣሁ፤ ተነሣ። አለቃው መጥቶ ድምፁን አዳመጠ። «ሸጋ ነው» አለ። ምስጋናው የሚቀጥል መስሎኝ ስጠብቅ፣ «በይ አሁን ሻዩን አድርሺልን» ብሎኝ ሄደ። ስንት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያስነክሰኛል።

በአምስተኛው ዓመት ወደ ጎንደር፣ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተዛወርሁ። ዝውውሩ ደመወዝ አልጨመረልኝም፤ አያ ደሴን ግን ሰጠኝ።

አያ ደሴ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ካፖርታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው። የመጣሁ ዕለት ስለ ሴትነቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቁልፍ አቀበሉኝና፣ «ያችን ላንድሮቨር ፍሬኗን ፍቺና አሳዪኝ» አሉኝ። በቃ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ከአራት ዓመት በላይ ያጎነበሰው ወገቤ ቀና አለ።

ማንም ሞተር ይዞ ቢመጣ አያ ደሴ መጀመሪያ ሞተሩን አይነኩም። ነጂውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። «ምን ተሰማህ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት? ሸክም ሲኖርህ ነው ባዶህን?» ይሉታል። ነጂው «አያ፣ እኔ ምን አውቄ» ሲላቸው፣ «አንተ ባታውቅ ቂጥህ ያውቃል፤ እሱን ጠይቀህ ንገረኝ» ይላሉ። ሰውየው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን አስታውሶ የሚናገረው ነገር ብዙ ጊዜ ግማሹን ሥራ ያቀልልን ነበር።

ዘይት የሚያፈስ ነገር ሲመጣ ደግሞ የረጠበውን ቦታ አይተው አይፈርዱም። በነጭ ጋዝ ያጥቡታል፣ በጨርቅ ያደርቁታል፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭተው ይነሰንሱበታል። ነጂው አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ጠመኔው መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። «ዘይት ይወርዳል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ያረፈበትን ሳይሆን የወጣበትን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር።

የብረት ዘንግ ሲመረምሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ዘንጉ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ያወርዱታል። ዓይን የዘለለውን ጭረት ጥፍር ይይዘዋል። ጥፍሩ ከያዘ ክርክር የለም፤ ዘንጉ አብቅቷል።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን አፈራረማቸውን ነው። ተጠግኖ የወጣን ሞተር ራሳቸው ሳይቀመጡበት «ብቁ ነው» ብለው አይፈርሙም። ከጋራዡ ጀርባ ድንጋይ የበዛበት ጥርጊያ አለ። በዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። አንድ ጊዜ ትልቅ ባለሥልጣን ቆሞ እየጠበቀ ጸሐፊው እየሮጠ መጥቶ፣ «ቶሎ ይፈርሙ እንጂ፣ ሰውየው ቸኩለዋል» አላቸው።

«አልተቀመጥሁበትም።»

«ቆመው እየጠበቁ እኮ ነው!»

«እኔ ሳልቀመጥበት እሳቸው ከሚቀመጡ እሳቸው ቢቆሙ ይሻላል» አሉና ካፖርታቸውን ሰብስበው ወደ ጥርጊያው ነዱት።

አያ ደሴ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው አራት እግሮቹ መጡ። አራት እግር የምንላቸው ባለ አራት ጎማ ሞተሮችን ነው። መኪና በማይገባባቸው የደጋ ቀበሌዎች ክትባት እንዲያደርሱ አንድ ረጂ ድርጅት ለመሥሪያ ቤታችን የሰጣቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ ተደርድረው፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደረገ። ንግግሩ ሲያልቅ አያ ደሴ እጃቸውን አወጡ።

«መለዋወጫቸው የታለ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የትራንስፖርት ኃላፊያችን አቶ መኳንንት፣ «አያ፣ ገና አዲስ ናቸው እኮ!» አለ። አቶ መኳንንት ሱፉ የማይጨማደድ፣ ሪፖርት አጻጻፍ የሚችል ሰው ነበር። ከሪፖርቱ ሌላ የሚችለውን ነገር አላየሁም።

አዲስነታቸው አንድ ክረምት አልዘለቀም። ከደባርቁ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የሚያስገባውን ድንጋይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኋላ የክትባት ማቀዝቀዣ ተጭኖ፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው ታክሎበት ሲሄዱ መጀመሪያ የሞቱት የኋላ አሞርዛተሮቻቸው ናቸው። አሞርዛተር ማለት ከጎማው በላይ ቆሞ ዝላይን የሚውጠው ቱቦ ነው። ዙሪያውን ወፍራም ሞላ ተጠምጥሞበታል፤ ውስጡ ዘይት አለ፤ አንድ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ዘይቱ ውስጥ ይገባል ይወጣል። ሞላው ጉድጓዱን ይቀበላል፤ ዘይቱ ደግሞ ሞላውን «በቃህ፣ ተረጋጋ» ይለዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ ሞላው ብቻውን ይቀራል፤ አንዴ መዝለል ከጀመረም የሚያቆመው የለም።

መለዋወጫ ስላልነበረ አያ ደሴ አፈታቱን በራሳቸው ፈለሰፉ። በሁለት ረጃጅም ብሎን ሞላውን ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ ሠሩ። «የተጨመቀ ሞላ የታሰረ በሬ ነው፤ ፊትሽን ከፊቱ አታድርጊ» ይሉኝ ነበር። ሞላው ከወጣ በኋላ ዘንጉን ስበን አውጥተን ፓራዎሊውን እንቀይራለን፤ ፓራዎሊ ዘይቱን አፉ ላይ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። አዲሱን ዘይት ጊዜው ባለፈበት የክሊኒክ ስሪንጅ እየለካን እንሞላለን። ግራና ቀኙ በእኩል ካልተሞላ ሞተሩ ያነክሳል። እንዲህ እያደረግን ብዙ ሞተር አስነሣን። ዘንጉ ግን ጠጠር መትቶት ከተበላ አዲሱን ፓራዎሊም እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ያኔ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አሞርዛተር በአዲስ መቀየር። ይህን ጽፈን ጠየቅን። ደጋግመን ጠየቅን። አያ ደሴ መልሱን ሳያዩ ጡረታ ወጡ፤ የዋና መካኒክነቱን ወንበር እኔ ወረስሁ።

አሞርዛተሮቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ሳጥን። ግምጃ ቤት ሲገቡ በዓይኔ አየኋቸው፤ ደስታዬን አልችለው ብዬ ለአያ ደሴ ስልክ ደወልሁ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ሳጥኖቹ አልተከፈቱም።

አስማረ ከነጂዎቹ ሁሉ ጠንቃቃው ነበር። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ክትባት አድራሽ። ሞተሩን አጥቦ ነው ወደ ጋራዥ የሚያመጣው። አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሰኞ የክትባት ዘመቻ ሊጀመር፣ እየገፋ ይዞት መጣ።

«ምን ተሰማህ?» አልሁት፣ እንዳስተማሩኝ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ግራው ልክ አይደለም። አንዴ ከዘለለ መዝለሉን አይተውም። ቁልቁለት ላይ ይብስበታል።»

አጠብሁት፣ አደረቅሁት፣ ጠመኔ ነሰነስሁበት። አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ የግራው አፍ ዙሪያውን ርሷል። ፈታሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፍሬን ዘንጉ ላይ አወረድሁ። ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ያዘኝ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ናት። አጠገቧ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

ከጋራዡ እስከ ግምጃ ቤቱ አርባ እርምጃ ነው። ሄድሁ። የግምጃ ቤት ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነበር።

«ከነዚያ ሳጥኖች አንዱን ስጠኝ፤ የግራና የቀኝ።»

«አይቻልም። የርክክብ ኮሚቴው አይቶ አልፈረመም።»

«መቼ ነው የሚፈርመው?»

«ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው።»

«ከሥልጠና መቼ ይመለሳሉ?»

«ከተመለሱ በኋላ ደግሞ አባላቱ መሟላት አለባቸው» አለኝ። ሳጥኑ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ከቆምሁበት አነበዋለሁ። የአስማረ ሞተር ቁጥር ነው። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።

አቶ መኳንንት ቢሮ ገባሁ። ነገርሁት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል ሰማኝ።

«ፓራዎሊውን ቀይረሽ ስጪው።»

«ዘንጉ ተበልቷል። አዲሱን ፓራዎሊ በሳምንት ይቆርጠዋል።»

«በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺዋ!»

«ጉድጓድ በብርጭቆ ወረቀት አይሞላም። ዕቃው ግምጃ ቤት ተቀምጧል፤ አንድ ፊርማ ነው የጎደለው። አንተ ብትደውልላቸው…»

ያን ጊዜ ቀና አለ። «ስሚ ማንጠግቦሽ። ሰኞ ሁሉም ሞተር ይወጣል ብዬ ለበላይ አሳውቄአለሁ። አንድ ሞተር ከቀረ፣ በማን ምክንያት እንደቀረ ስምሽን ጠቅሼ ነው የምጽፈው።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እንቢ ማለት እችል ነበር። አያ ደሴ ቢሆኑ ካፖርታቸውን ሰብስበው ይወጡ ነበር። እኔ ተመልሼ ገባሁና ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክሬ ዘንጉን ማሸት ጀመርሁ። የጉድጓዶቹን ጠርዝ አለዘብሁ፤ ጉድጓዶቹ ግን እዚያው ናቸው። አዲስ ፓራዎሊ አስገባሁ፣ ወፈር ያለ ዘይት ሞላሁ፣ ሞላውን መለስሁ፣ ገጠምሁ። ሲታይ አዲስ ይመስላል። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ጥርጊያ ላይ የዘመቻው ድንኳንና ካርቶን ተከምሮ ስለነበር፣ በር ላይ ባለው አስፋልት አንድ ዙር ነድቼ ተመለስሁ። አስፋልት ላይ ምን ይታወቃል? ቅጹን አወጣሁና «ብቁ» ብዬ ፈረምሁ። ማንም እጄን ይዞ አላስፈረመኝም።

አስማረ ሰኞ ጠዋት ሲረከበኝ፣ «ተስተካከለ፣ እትዬ?» አለኝ።

«ቀስ እያልህ ሂድ» አልሁት። ሌላ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም።

በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ከኮሶዬ አለፍ ብሎ ወደ አንድ ቀበሌ በሚያወርድ ቁልቁለት ነው። ገብስ የሚያርሙ ገበሬዎች ከማዶ ሆነው አይተውታል። ሞተሩ አንዴ ዘለለ፣ ደገመ፣ በሦስተኛው በግራ ጎኑ ተኝቶ ተገለበጠ፤ ተገልብጦም ከነማቀዝቀዣው የአስማረ እግር ላይ ዐረፈ። ገበሬዎቹ ሮጠው አነሡለት፤ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ አወጡት። ሆስፒታል ሲደርስ ብዙ ደም ፈሶት ነበር። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉ። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሞተሩን በጭነት መኪና ጋራዡ ደጅ አምጥተው አራገፉት። ሰው እስኪሄድልኝ ጠብቄ ተጠጋሁ። የግራው አሞርዛተር ከላይ እስከ ታች በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። በእጄ ስጫነው ያለ ምንም ተቃውሞ ወረደ። ባዶ ነው።

በሳምንቱ አቶ መኳንንት ቢሮው ጠራኝ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የመካኒክ ቃል ይፈልግ ነበር። ቃሌ ተዘጋጅቶ፣ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት ተፈትሾ ሙሉ በሙሉ ብቁ የነበረ ሲሆን አደጋው የደረሰው በነጂው ጥድፊያ ነው» ይላል።

«ይህ ውሸት ነው» አልሁት።

«እንግዲያው እውነቱን ጻፊና ታሰሪ። ብቁ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። የኔ ፊርማ የት አለ?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

እውነቱን ነው፤ የሱ ፊርማ የትም አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሰዎች እድሜያቸውን ሙሉ የሚማሩት አንድ ነገር ይህ ነው፦ ፊርማቸው የትም እንዳይገኝ። ፈራሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ፈረምሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያ ደሴ ቤት ሄድሁ። ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሳጥኑን፣ ኮሚቴውን፣ መኳንንትን። እንዲያዝኑልኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ተቀምጠሽበት ነበር?»

«አንድ ዙር። አስፋልት ላይ።»

አያ ደሴ ተነሡና ጫማቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ፈለጉ።

«ወዴት ነው፣ አያ?»

«ልጁን ልጠይቀው። አንቺም ከፈለግሽ ነይ።»

ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። በመንገድ ላይ ብርቱካን ገዛሁ። አስማረ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ትርንጎ አጠገቡ ናት። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ያ ብርሃን ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

«እትዬ፣ መጣሽልኝ» አለ። «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ስትጣደፍ ነው ይሉኛል። እኔ ቀስ ብዬ የምነዳ ነበር የሚመስለኝ። ግን እንጃ። ሰው ሁሉ እንዲህ ካለ ምናልባት ሳላውቀው ፈጥኜ ይሆናል።»

እግሩን ወስደን አልበቃ ብሎን በገዛ ራሱ ላይ እንዲጠራጠር አድርገነው ነበር።

አያ ደሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ተው እነሱ ያሉትን። አንተ ምን ተሰማህ?»

አስማረ ዓይኑን ጨፈነ። «አንድ ድንጋይ መታ። ዘለለ። ሳያርፍ ሁለተኛ ዘለለ። በሦስተኛው ግራው ወርዶ ቀረ፤ አልመለስ አለኝ።»

«ጥድፊያ እንዲህ አያደርግም፣ ልጄ። አሞርዛተሩ ባዶ ነበር» አሉት። ከዚያ የደከመ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ዘንጉ መበላቱን እያወቅሁ ብቁ ነው ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። አንተ ተጣድፈህ ነው የሚለው ወረቀት ላይም ፈርሜአለሁ።»

አስማረ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትርንጎ ብርድ ልብሱ ላይ ያስቀመጥሁትን ብርቱካን አንድ በአንድ ለቅማ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ይዘሽልኝ ውጪ» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከተሰበረው ሞተር ላይ የግራውን አሞርዛተር ፈታሁ፣ በጨርቅ ጠቀለልሁ፣ አጣሪ ኮሚቴው የተሰበሰበበት አዳራሽ ገባሁ። አልተጠራሁም። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አቶ መኳንንትም እንደ ጸሐፊ ተቀምጧል። ጨርቁን ፈትቼ ብረቱን ከነዘይቱ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አጋደምሁት።

«ምንድን ነው ይኼ? ስብሰባውን ጋራዥ አደረግሽው እኮ!» አለ መኳንንት።

«ቃሌን ልመልስ ነው የመጣሁት። የፈረምሁት ውሸት ነው። እባካችሁ ጥፍራችሁን እዚህ ዘንግ ላይ አውርዱት።»

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ከሒሳብ ክፍል የመጡ አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሞከሩት። መሐል ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይይዛል» አሉ። ደግመው አወረዱት። «እውነቷን ነው፣ ይይዛል።»

«ይህን እያወቅሁ ነው የሸኘሁት። የቀየርሁት ፓራዎሊም ይኸው ተቆርጧል። አዲሱ አሞርዛተር ግምጃ ቤት ውስጥ በሳጥን ታሽጎ ነበር፤ አሁንም ታሽጓል። ምነው አይከፈትም ብላችሁ አትጠይቁም? ከዚህ ተነሥታችሁ ብትሄዱ በአርባ እርምጃ ትደርሱበታላችሁ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «የግምጃ ቤቱ ጉዳይ ሌላ አጀንዳ ነው» አሉ።

ሌላ አጀንዳ! ሰው እግሩ ተቆርጦ ተኝቷል፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እነሱ በመካከላቸው አጀንዳ አቁመው ለያዩአቸው። ጮኽሁ። ምን ብዬ እንደጮኽሁ ሁሉንም አላስታውስም። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው በቀስታ አስወጡኝ።

ውጤቱ ይህ ነው። «የነጂው ጥድፊያ» የሚለው ከሪፖርቱ ወጣ። አስማረ በሥራ ላይ የተጎዳ ተብሎ መብቱ ተከበረለት፣ ሰው ሠራሽ እግር ተሠራለት፤ በኋላም የክትባት ማከማቻው ውስጥ ተመደበ። አልታሰርሁም፤ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከዋና መካኒክነትም ወረድሁ። አቶ መኳንንት በዓመቱ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ ሽኝት ተደረገለት። የርክክብ ኮሚቴው ዘግይቶ ተሰብስቦ ሳጥኖቹን ሲከፍት አብዛኞቹ ሞተሮች ሞተው ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሦስት ኃላፊ ተቀያየረ፤ ስለ ሳጥኖቹ የጠየቀኝ አንድም የለም።

ማስጠንቀቂያው በደረሰኝ ሳምንት ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ሄጄ ምን እንደምል አላሰብሁም። አስማረ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ ተቀምጧል። ትርንጎ ደግሞ ጥራጥሬ ታበጥራለች፤ አይታኝ እጇን አላቆመችም። ሰላም ብዬ ደብዳቤውን ሰጠሁት።

ቀስ ብሎ፣ ትርንጎ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «የሞተሩን ብቁ አለመሆን እያወቁ ብቁ ነው ብለው በመፈረምዎና ለአጣሪ ኮሚቴም የሐሰት ቃል በመስጠትዎ…» አለና ቆመ።

«ይህ እውነት ነው» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«የአቶ መኳንንትስ?»

«ለሱ አልተጻፈለትም።»

«የግምጃ ቤቱስ? የዚያ የርክክብ ኮሚቴ የሚሉትስ?» የሳጥኑ ወሬ ደርሶታል።

«ለማንም አልተጻፈም፣ አስማረ። ይህ አንዱ ብቻ ነው።»

ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ ሌላ ስም የሚያገኝ ይመስል። ባዶ ነው። ከዚያ መሳደብ ጀመረ። አስማረ ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የርክክቡን ሰብሳቢ፣ መኳንንትን፣ የታሸገውን ሳጥን እየጠራ ሰደበ፤ እኔንም በተራዬ አልዘለለኝም፤ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። የኔን ጨርሶ ወደነሱ ሲመለስ እኔም ገባሁበት፤ እሱ የማያውቀውን፣ አርባውን እርምጃ፣ ከቆምሁበት ያነበብሁትን ቁጥር ነገርሁት። ድምፃችን ከአጥር አልፎ መንገደኛ ቆሞ ሲያየን ነበር።

ትርንጎ ሰፌዷን አስቀመጠች። ገባ ብላ አንድ የእንጨት ዱካ ይዛ ወጣችና አጠገቤ አኖረችው።

«ተቀመጪ» አለችኝ። ድምፅዋ አልለዘበም። «ያን ሳጥን ያሸገው ማን ነው? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»